ሃምሳ በግራ ያልቃል

ፀሐይ ከበረሃው ጫፍ ብቅ ከማለቷ በፊት ኖስራት የቤቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ራሱ ከቆርቆሮ ቆርጦ የሠራው የነፋስ አመልካች አለ፤ ከጎኑም በጥላ ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ የሙቀት መለኪያ። ሁለቱን ያይና ከኪሱ በማትለይ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ሙቀቱን ይጽፋል። በካሻን ከተማ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ቢሞላውም እጁ ልማዱን አልተወም። አዲስ የተጨመረው ከቁጥሮቹ ቀጥሎ የሚጽፋት አንዲት ቃል ብቻ ናት።

"ዛሬ ደግሞ ነፋሱ ምን ብሎ አዘዘህ?" አለች ሚስቱ ቱራን፣ ከግቢው ቀና ብላ።

"ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ጠንከር ያለ።"

"ትርጉሙስ?"

"ዱላ።"

"እንግዲያው ያሰጣሁትን ልብስ ላንሳ። ባለፈው ሳምንት በዱላህ ጠልፈህ የወረወርከው አንሶላ የተገኘው ጎረቤት ግቢ ነው።"

ኖስራት ጥግ ላይ ያቆማቸውን ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ዱላዎች አንስቶ ትከሻው ላይ አጋደማቸው። ቀኙን በጀርባው አዙሮ አመጣው፣ ቀጥሎ ግራውን። ነፋሱ ዱላውን በአንድ በኩል ያግዘዋል፣ በሌላው በኩል ይታገለዋል። ደስ የሚለው ይህ ነው፤ ሁለት ዙር አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ያቺን ቃል መጻፍ የጀመረው ትከሻው ከተሰበረ በኋላ ነው። ካለፈው ዓመት በፊት በነበረው መኸር የኮምጣጤ ገንቦ ታቅፎ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አዳለጠው። ገንቦው ተረፈ፤ የግራ ትከሻው ግን ተሰበረ። ቱራን ዛሬም ድረስ "ገንቦውን ብትለቀው ምን ነበረበት?" ትለዋለች። እሱም "ብለቀው ኖሮ ዛሬ ስለ ገንቦው ነበር የምትነግሪኝ" ይላታል።

ጄሶው ሲፈታ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳም አለ። ሐኪሟ አምስት እንቅስቃሴዎች የተሳሉበት ወረቀት ሰጠችው፤ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ኖስራት የወረቀት ሰው ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጀመረ፤ የፈጀበትን ደቂቃም ይመዘግብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ደቂቃ። በአሥረኛው ቀን ዘጠኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስት። በሃያኛው ቀን ጠዋት ላለመጀመር ብሎ አራት ብርጭቆ ሻይ መጠጣቱን አስተዋለና ደብተሩ ላይ "ወረቀቱ ልክ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ጻፈ።

አንድ ሳምንት ቆይቶ ይህን ሐሳብ እንደገና መረመረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሦስት ሰዓቱ ያንኑ መለኪያ፣ ያንኑ ሳጥን፣ ያንኑ አመልካች አይቷል፤ አንድም ቀን ግን አልሰለቸውም። ምክንያቱ ምን ነበር? መሣሪያው አንድ ቢሆንም ሰማዩ አንድ ሆኖ አያውቅም። ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ምን እንደሚያገኝ አያውቅም ነበር።

ወደ ሐኪሟ ተመልሶ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ጠየቃት። "ይኼኛው ለምንድን ነው? ያኛውስ?" ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ማዞር፣ መሸከም ብላ ነገረችው። ክንዱ ቀስ እያለ እነዚህን ከሠራ መንገዱ የፈለገው ቢሆን ግድ እንደሌላትም ጨመረች፤ ካመመው ግን እንዲያቆም አስጠነቀቀችው። ኖስራት ቤቱ ገብቶ የሚወዳቸውን ነገሮች አሰበና ለሰማዩ አከፋፈላቸው። ነፋስ ሲኖር ጣሪያ ላይ ዱላ ያዞራል። ነፋስ ሳይኖር ሲቀር ሁለት ባልዲ ውኃ ይዞ በሰፈሩ ያለውን አሮጌ የምድር ውስጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ውርጭ ከሆነ ጓሮ ያለውን የደረቀ የበለስ ጉቶ ይፈልጣል። አየሩ አቧራ ከያዘ ምድር ቤት ገብቶ በአጭር ጣውላ ላይ ተደፍቶ ሰውነቱን በክንዶቹ እየገፋ ያነሳል፤ ወይም ድንጋይ የሚባሉትን አሮጌ የልምምድ ክብደቶቹን ያነሳል።

ለዝናብ ምንም አላሰበም ነበር፤ ካሻን ላይ ዝናብ እንግዳ ነው። ቱራን ግን ዝርዝሩን አይታ "የዝናቡ ቀን የእኔ ነው" አለችው። ተስማማ። በዚያው የብርድ ወቅት ሁለት ቀን ዘነበ። በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ የወረሰችውን ትልቁን የዋልነት እንጨት ቁም ሣጥን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን አስገፋችው።

"በክንድህ አትግፋ" አለችው ከኋላው ቆማ። "ዳሌህን አስጠጋውና በሱ ግፋ። ክንድህ መንገድ ብቻ ያሳይ።"

"የት ነው የተማርሽው?"

"አንተ ጣቢያ ስትውል ይህን ቤት ማን ያንቀሳቅሰው ነበር?"

በሁለተኛው ዝናብ ቁም ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሰው።

ልኬቱ ማድቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ክንዱን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ የግራ ጣቱ የስንተኛውን ሸክላ ጫፍ እንደነካ ያያል። መኸር ሲያልቅ አራተኛው ላይ ነበር። በብርዱ አጋማሽ ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ዓመት ዞሮ ለኖውሩዝ፣ ለፀደዩ የአዲስ ዓመት በዓል፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘጠነኛውን ነካ፤ የቀኝ እጁም የሚነካው ዘጠነኛውን ነው።

ግን ሸክላ መንካትና በጉልበት ቤቱ የነበረውን ቦታ ማስመለስ አንድ አይደለም።

ወንዶች በወግ ጉልበት የሚለማመዱበት የሰፈሩ የጉልበት ቤት በመዳብ ቀጥቃጮቹ ገበያ ጀርባ፣ ጎንበስ ብለው በሚገቡበት ዝቅተኛ በር ውስጥ ነው። መሐሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጉድጓድ አለ። ወንዶች በየዓርብ ማለዳው ቀይ ሽርጥ አገልድመው እዚያ ይወርዳሉ። ከጉድጓዱ በላይ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ሞርሺዱ ይቀመጣል፤ ከበሮ የሚመታው፣ የሚያዜመውና የሚቆጥረው እሱ ነው። የኖስራት ቦታ ከሞርሺዱ ወንበር ሥር፣ በስተግራ ነው። ከእሱ በፊት እዚያ የቆመው አባቱ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ቦታውን ያውቃል፤ ቦታውም ሰውየውን።

የዚህ ቤት ደንብ ግልጽ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የቀረ ሰው የሚመለሰው ድንጋዮቹን ሃምሳ ጊዜ አንስቶ ነው። ድንጋይ ይባሉ እንጂ ከእንጨት የተሠሩ፣ የመስኮት መዝጊያ የሚያክሉ፣ መሐላቸው ላይ መያዣ ያላቸው ጥንድ ክብደቶች ናቸው። አንሺው በጀርባው ተኝቶ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየተንከባለለ ያነሳቸዋል። ሃምሳ ያልሞላለት ላይኛው አግዳሚ ላይ ከተመልካቾች ጋር ይቀመጣል፤ ሻይም ይቀርብለታል። ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከአግዳሚው ወደ ጉድጓዱ የተመለሰ ሰው ኖስራት አያስታውስም።

በብርዱ ወራት አንድ ጠዋት ሐጂ ያዶላ በበሩ ሲያልፉ ጣሪያ ላይ አዩት። ሐጂ መዳብ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉድጓዱ መሐል ቆመው ሌላውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

"ኖስራት፣ ርግብ እያባረርክ ነው?"

"ልምምድ ላይ ነኝ ሐጂ። ይግቡ፣ ሻይ አለ።"

"ትናንት ባልዲ ይዘህ ደረጃ ስትወርድ አይተውሃል። ዛሬ ዱላ። ነገ ደግሞ ምንድን ነው፣ ገመድ ዝላይ?"

"እሱን አላሰብኩበትም ነበር። እጽፈዋለሁ።"

ሐጂ አልሳቁም። "ጉልበት ሥርዓት ይወዳል። መጀመሪያ ጣውላ፣ ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ መሽከርከር፣ ከዚያ ደጋን። ሃምሳ ዓመት አንድ ቀን ሳላዛንፍ ይህንኑ ነው የሠራሁት። አንተ ግን እንደ ወረቀት ካይት ነፋስ ትከተላለህ።"

"ለእርስዎ ሠርቷል፤ እያየሁት ነው። እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የማልቀው፤ መዝግቤዋለሁ።"

"ከኖውሩዝ በኋላ ሁለተኛው ዓርብ" አሉ ሐጂ። "ሃምሳ። ቤህናም በቦታህ እየቆመ ነው። መጥፎ ልጅ አይደለም።"

ኖስራትን የነካው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ቤህናም የሐጂ እህት ልጅ ነው፤ እውነትም መጥፎ ልጅ አልነበረም።

በዓሉ አልፎ የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ ሞርሺድ ፈይዞላ ነባት የሚሉትን ድንጋይ መሰል ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። እሱና ኖስራት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ፊደል የቆጠሩት።

"ነገ ጉሮሮዬን አሞኛል ልበል" አለ ገና ሻዩን ሳይቀምስ። "አንድ ወር ይገፋልሃል።"

"ጉሮሮህን አሞሃል?"

"አላመመኝም።"

"እንግዲያው አትበል።"

"አንተ ሰው፣ ሃምሳ ብዙ ነው። ለጤነኛም ብዙ ነው። ምድር ቤትህ ስንት አነሳህ?"

"ረቡዕ ዕለት አርባ ስድስት።"

"ይኸው፣ ሃምሳ አይደለም።"

"ረቡዕ አቧራ ነበር" አለ ኖስራት።

ቱራን ከማድቤቱ "ፈይዞላ፣ አትድከም" አለች። "ነገ ሰማዩ ጥሩ ነው ብሎኛል። ለዚህ ሰው ይኸው ይበቃዋል።"

ፈይዞላ ነባቱን በጥርሱ ሰበረ። ሲወጣ በሩ ላይ የኖስራትን የግራ ክንድ ያዝ አድርጎ ለቀቀው።

በነጋታው ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነበር፣ ለስለስ ያለ፤ ሙቀቱ አሥራ ሁለት። ኖስራት ቁጥሮቹን ጽፎ ቀጥሎ የሚጽፋትን ቃል ሳይጽፍ ደብተሩን ለቱራን ሰጣት። "ስመለስ እሞላዋለሁ" አላት።

ዝቅተኛውን በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ቤህናም ከወንበሩ ሥር ካለው ቦታ ፈቀቅ ብሎ አሳለፈው፣ አንገቱንም ደፋ። ኖስራት ወለሉን በጣቶቹ ነክቶ ከንፈሩ ላይ አደረጋቸው። ጥንዱ ድንጋይ ቀረበለት፤ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ኪሎ። ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተኝቶ መያዣዎቹን ጨበጠ።

"ከትላልቆቹ ፈቃድ እለምናለሁ" አለ፣ እንደ ወጉ።

"ፈቃዱ ከፈጣሪ ነው" አሉ ሐጂ ያዶላ። "ጀምር።"

ከበሮው ተመታ። ፈይዞላ ድምፁን ዘለግ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። እሱ ቁጥርን ደረቁን አይጠራም። አንድን "አምላክ አንድ ነው" ይለዋል፣ ስምንትን በስምንተኛው ኢማም ስም "የኾራሳኑ ጌታ" ይለዋል፤ በየመሐሉ ሰዎቹ ይቀበሉታል። ኖስራት በጆሮው እየሰማ በልቡ የራሱን ይቆጥር ነበር፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት የማንንም ንባብ ሳያመሳክር ተቀብሎ አያውቅም። አንድ በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ሁሉ በግራ።

እስከ አሥራ አምስት ቀላል ነበር። ሃያ ላይ ትከሻው ሞቀ፤ ሕመም ግን አልነበረም። ዱላ በነፋስ የሚያዞርበትን ጣሪያ አሰበ። ሃያ አራት ላይ ባልዲዎቹን አሰበ፤ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ወጥቶ ውኃው ሳይፈስ ሲደርስ የሚሰማውን ደስታ። ሃያ ሰባት በቀኝ ተነሳ፤ ፈይዞላ እዚያ ላይ ከበሮውን ለወጠና አንድ ረዘም ያለ ስንኝ አዜመ። ስንኙ እስኪያልቅ አንሺው ትንፋሽ ይሰበስባል። ኖስራት ድንጋዮቹን ደረቱ አጠገብ ይዞ ተነፈሰ።

ስንኙ አለቀ። ወደ ግራው ተንከባለለና አነሳ።

"ሠላሳ አምስት" አለ ፈይዞላ።

ኖስራት መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ፤ ልማዱ ነው። ሁለተኛ ግን ማስረጃውን አየ። የተነሳው የግራ እጁ ነው፣ ሠላሳ አምስት ደግሞ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ቁጥር በግራ ሊነሳ አይችልም። የቀረው ቀላል መቀነስ ነበር፦ ሃያ ስምንት መባል የነበረበት ሠላሳ አምስት ተባለ። ሰባት ተዘሏል።

ቀና ብሎ ወደ ወንበሩ አየ። ፈይዞላ ዓይኑን ከከበሮው ላይ አላነሳም።

ማንሳቱን ቀጠለ። ሌላ ማን እንዳስተዋለ አላወቀም፤ ሰዎቹ ስንኙን ተቀብለው እንደሞቃቸው ነበሩ። አርባ፣ አርባ አንድ እየተባለ ሲሄድ ቁጥሩ እንደ ተዳፋት መንገድ ወደፊት ይገፋው ነበር። ክንዱ ከብዷል፤ ማቆሙ ደግሞ ቅርብ ነው። ቦታው ሊመለስ ስምንት ብቻ ቀረው፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁለት።

"ሃምሳ" አለ ፈይዞላ፤ የከበሮው ድምፅም ቆመ።

የተነሳው የቀኝ እጁ ነበር።

ሰዎቹ የምስጋና ቃል ለማሰማት አፋቸውን ከፈቱ። ኖስራት ድንጋዮቹን አላስቀመጠም። ደረቱ አጠገብ ይዞ በተቆራረጠ ትንፋሽ ተናገረ።

"ሞርሺድ፣ ሰባት ይቀራል።"

ላይኛው አግዳሚ ላይ የነበረ አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ሃምሳ ብያለሁ" አለ ፈይዞላ በዝግታ። "የዚህ ቤት ቁጥር የእኔ ነው።"

"ሃምሳ በግራ ነው የሚያልቀው። እኔ ያቆምኩት በቀኝ ነው።"

ሁሉም ወደ ሐጂ ያዶላ ዞሩ። ሐጂ እጃቸውን አጣምረው ነበር፤ የሚያዩት ፈይዞላን ሳይሆን የኖስራትን የግራ ክንድ ነው። "ልክ ነው" አሉ። "ሠላሳ አምስት ሲባል ሰምቻለሁ። ቁጠር ሞርሺድ፣ ከአርባ አራት።"

ፈይዞላ ከበሮውን መታ። እጁ ጠንከር ብሎ ነበር፤ ተናዷል።

አርባ አራት በግራ። አርባ አምስት በቀኝ። አርባ ስድስት በግራ፤ ከዚህ በላይ ምድር ቤቱ ውስጥ ሄዶ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ያለው ያልተመዘገበ አገር ነው። አርባ ሰባት በቀኝ ተነሳ። አርባ ስምንት ላይ የግራው ድንጋይ ግማሽ መንገድ ደርሶ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በስንት ጭንቅ ጫፍ ደረሰ። አርባ ዘጠኝ የቀኙ ነውና አለፈ።

ወደ ግራ ተንከባለለ። ክንዱን ጠየቀው፤ ክንዱ የለሁበትም አለ። ኖስራት አልተደናገጠም፤ ይልቁንም ምን እንደጎደለ መረመረ። ሕመም የለም፣ ትንፋሽ አለ፣ የደከመው ክንዱ ብቻ ነው። እንግዲያው ሥራው የሌላ አካል ነው። ቁም ሣጥኑን አሰበ። ዳሌውን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ከዚያ ገፋ፤ ወገቡ ተከተለ፣ ትከሻው ተከተለ። ክንዱ መንገድ ብቻ አሳየ። ድንጋዩ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜም ሳይመለስ፣ እስከ መጨረሻው ተነሳ።

ፈይዞላ ቁጥሩን አልጠራም። ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን ደወል መታ። ደወሉ የሚመታው ለጥቂት የተከበሩ ሰዎች ብቻ ነው፤ ለኖስራት ተመትቶ አያውቅም ነበር።

ቤህናም ድንጋዮቹን ተቀበለው። ኖስራት ተነሥቶ ከወንበሩ ሥር በስተግራ ሄዶ ቆመ። ፈይዞላ ከላይ ጎንበስ ብሎ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ "አንተ ግትር፣ ሰባቱን ሰጥቼህ ነበር" አለው።

"አውቃለሁ። ቤት ስገባ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ምን ነበረበት ብትጽፈው?"

"በየዓርቡ እዚህ ስቆም ሰባቱን እቆጥራቸው ነበር።"

ፈይዞላ ከበሮውን ለዱላው ዙር መምታት ጀመረ። ሐጂ ያዶላ መሐል ገብተው እንደ ሃምሳ ዓመቱ ልማዳቸው መሩ። ሲወጡ ዝቅተኛው በር ላይ ጎንበስ እንዳሉ ወደ ኖስራት ዞረው ቆም አሉ።

"ያ በመጨረሻው ላይ ያደረግከው በዳሌ ነው አይደል?"

"በዳሌ ነው።"

"ማን አሳየህ?"

"ዝናብ ነው" አለ ኖስራት።

ማክሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ቱራን ስትከፍት ሐጂ ያዶላ የራሳቸውን ዱላዎች በጨርቅ ጠቅልለው ቆመዋል። ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ማቃሰት ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልነገሩም፣ ለቱራንም አልነገሯትም። "በዚህ አልፍ ነበር" አሉ። "ጣሪያው ላይ ነፋሱ ምን እንደሚል ልጠይቅ ብዬ ነው።"

ኖስራት ደብተሩን ይዞ ከጣሪያው እየወረደ ነበር። ትከሻው ላይ እርጥብ ነጠብጣቦች ይታያሉ። "ነፋስ የለም ሐጂ" አለ። "ዛሬ ሰማዩ ሌላ ነው ያመጣው።"

ሐጂ ቀና አሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋ። "ታዲያ ለዝናብ ደንቡ ምንድን ነው?"

ኖስራት ወደ ሚስቱ አየ። ቱራን የሐጂን ዱላዎች ተቀብላ በሩ ጥግ አቆመቻቸው፤ እጅጌዋንም ሰብሰብ አደረገች።

"ይግቡ ሐጂ" አለች። "ቁም ሣጥኑ ሳሎን ነው የሚያምረው። በዚያኛው ጫፍ ይያዙልኝ፤ በክንድዎ ግን እንዳይገፉ።"